አንድ መቀመጫ ወደ አሶሳ

ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ከአዲስ አበባ ወደ አሶሳ ሊበር የነበረው፣ ማለዳ የተባለው አየር መንገድ አውሮፕላን ሳይነሣ ቀረ። በረራው ወደ ሐሙስ ተዛውሯል። ወይዘሮ የውብዳር ዘለቀ ይህን የሰሙት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሻንጣቸው ሚዛን ላይ ወጥቶ አሥራ አራት ኪሎ ከሆነ በኋላ ነው።

ወይዘሮ የውብዳር የስድሳ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። ሠላሳ አንዱን ዓመት ያሳለፉት በወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣ ቀጠሮ ሲጽፉና ባለጉዳይ በስሙ ሲጠሩ ነው። አሶሳ ታናሽ እህታቸው ውድነሽ አለች። የውድነሽ እንቅርት አድጎ አድጎ የአየር ቧንቧዋን ስለተጫናት፣ አራት ዓመት ሙሉ የምትተኛው ትራስ ተደግፋ፣ ቁጭ ብላ ነው። በዓመት አንዴ ለአምስት ቀን ብቻ የሚመጡ በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች ለረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተራ ሰጥተዋታል። ሐሙስ ጠዋት ዕቃቸውን ሸክፈው ይሄዳሉ። እናታቸው ከቀዶ ሕክምና ክፍል በሕይወት አልወጡምና ውድነሽ ቢላዋ ትፈራለች። በስልክም ቁርጡን ተናግራለች።

"እትዬ፣ አንቺ መጥተሽ እጄን ካልያዝሽኝ አልፈርምም። እንደ እማዬ ብቻዬን አልገባም።"

አሶሳ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው። ሐሙስ የሚነሣ አውሮፕላን ለረቡዕ አይደርስም። በዚያው ማክሰኞ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ግን የዚያው አየር መንገድ ሌላ አውሮፕላን ወደ አሶሳ ይሄዳል። እንግዲህ ወይዘሮ የውብዳር የፈለጉት አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ በአሥር ሰዓቱ አውሮፕላን ላይ አንድ መቀመጫ። በመስኮት በኩል ይሁንልኝ እንኳ አላሉም።

በትኬት መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቤዛ ትባላለች። ደረቷ ላይ ተጽፏል።

"ልጄ፣ እንግዲያው በአሥር ሰዓቱ አስገቢኝ። እህቴ ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ትገባለች፤ እኔ ካልደረስኩ አትገባም።"

"እናቴ፣ የርስዎ ለሐሙስ ነው የተዛወረው። መልእክት ልከንልዎታል።"

"አልደረሰኝም።"

"ልከናል ነው የሚለው።"

"ማነው የሚለው?"

ቤዛ በአገጯ ኮምፒውተሩን አሳየች። ወይዘሮ የውብዳር መነጽራቸውን አወጡ። ከትኬቱ ጋር ተያይዞ የተሰጣቸውን፣ ሰው ሁሉ አጥፎ ኪሱ የሚከተውን ወረቀት ዘረጉ፤ ፍርድ ቤት ውስጥ ባለጉዳይ በሚጠሩበት ድምፅም አነበቡት።

"አንቀጽ ዘጠኝ። 'የበረራው ሰዓት ከሦስት ሰዓት በላይ የተለወጠበትና አስቀድሞ ያልተነገረው መንገደኛ ገንዘቡን የመውሰድ ወይም በቅርቡ በሚነሣው በረራ የመሄድ መብት አለው። ምርጫው የመንገደኛው ነው።' እኔ መርጫለሁ። በቅርቡ የሚነሣው የአሥር ሰዓቱ ነው።"

ሰልፉ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ከኋላቸው የቆመ ቆዳ ጃኬት የለበሰ ነጋዴ "ይሄ ወረቀት አንቀጽ አለው እንዴ? እኔ እኮ ማስቲካ ጠቅልዬበት ጣልኩት" አለ።

"ሂድና ከቆሻሻው አውጣው" አሉት ወይዘሮ የውብዳር። "መብትህን ነው የጣልከው።"

ቤዛ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እናቴ፣ ሕጉ እንዳሉት ነው። ግን ኮምፒውተሩ ትኬትዎን ካልከፈተልኝ መቀመጫ መስጠት አልችልም።"

ቤዛ መቀመጫ አትሰጥ፣ ወይዘሮ የውብዳር አሶሳ አይደርሱ፣ ውድነሽ ለሐኪሙ አትፈርም።

ወይዘሮ የውብዳር አንገታቸውን በመስኮቱ አስግገው ኮምፒውተሩን አዩት። ኮምፒውተሩ ቀይ ቁልፍ ስሎ ቁጭ ብሏል። ሰው ቢሆን ኖሮ የሚለው "ተቆጣጣሪው የምሥጢር ቁጥሩን ካልነገረኝ ወይ ፍንክች" ነው። ኮምፒውተሩ ትኬት አይከፍት፣ ቤዛ መቀመጫ አትሰጥ፣ ወይዘሮ የውብዳር አሶሳ አይደርሱ፣ ውድነሽ ለሐኪሙ አትፈርም።

ተቆጣጣሪው ከመስኮቶቹ ጀርባ በመስታወት ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከረባቱ ላይ የአየር መንገዱ ምልክት አለ። አንቀጽ ዘጠኝን አነበቡለት፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"በጣም ጥሩ አንቀጽ ነው" አለ። "መልእክት እንዳልደረስዎ ከመልእክት ክፍል ማስረጃ ያምጡልኝ፤ ያኔ ቁጥሬን አስገባለሁ።"

"ያልደረሰኝን ነገር በምን አሳይሃለሁ?"

"እሱን እነሱ ያውቁበታል።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ስሠራ ያልሆነ ነገር አስረዳ የተባለ ሰው አላየሁም።"

"ይኸው ዛሬ አዩ" አለ ተቆጣጣሪው። የተናገረው በክፋት አልነበረም፤ ይኸው ነው የሚያናድደው። ተቆጣጣሪው ኮምፒውተሩን አያዝ፣ ኮምፒውተሩ ትኬት አይከፍት፣ ቤዛ መቀመጫ አትሰጥ፣ ወይዘሮ የውብዳር አሶሳ አይደርሱ፣ ውድነሽ ለሐኪሙ አትፈርም።

የመልእክት ክፍሉ ከመንገደኞች አዳራሽ ማዶ፣ በአየር መንገዱ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ደረሱ። እዚያ ያለችው ወጣት በአንድ ጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታለች፤ በሌላው ሰማቻቸው። መዝገቡን ፈልጋ አገኘችው።

"ይኸው ትናንት ማታ ተልኳል። ስልክዎ መጨረሻው አርባ ሰባት አይደል?"

"የኔ መጨረሻው ዜሮ ስድስት ነው።"

"ታዲያ አርባ ሰባት የማነው?"

"ደውይና ጠይቂዋ!"

ደወለች። ድምፁንም ለሁለቱም እንዲሰማ ከፈተችው። "አቤት፣ ትኬት ቢሮ!" አለ አንድ ወንድ። ወይዘሮ የውብዳር ድምፁን ለዩት። ትኬቱን የቆረጠላቸው ሰውዬ ነው።

"አንተ፣ በኔ ትኬት ላይ የማንን ስልክ ነው የጻፍከው?"

"የቢሮውን ነዋ። ሁሉንም በኛው ቁጥር ነው የምንቆርጠው። ደንበኛን ስልክ ስልክ እያልን እንዳናስቸግር ብለን ነው።"

"ታዲያ ትናንት የመጣውን መልእክት አየኸው?"

"እናቴ፣ በቀን ስንት መልእክት ይመጣል! ማን አንብቦ ይዘልቀዋል?"

ወጣቷ ስልኩን ዘጋች። "በቃ፣ አልደረሰዎትም። ግልጽ ነው" አለች።

"እግዜር ይስጥሽ። ጻፊልኝ።"

"መጻፍስ አልችልም። በረራው መለወጡን የመርሐ ግብር ክፍል በደብዳቤ አላሳወቀኝም።"

"መለወጡን ለሰው ሁሉ የላክሽው አንቺ አይደለሽ?"

"ልኬያለሁ። ግን በደብዳቤ አልተነገረኝም።"

ወይዘሮ የውብዳር ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከሉ። መልእክት ክፍሏ ማስረጃ አትጽፍ፣ ተቆጣጣሪው ኮምፒውተሩን አያዝ፣ ኮምፒውተሩ ትኬት አይከፍት፣ ቤዛ መቀመጫ አትሰጥ፣ ወይዘሮ የውብዳር አሶሳ አይደርሱ፣ ውድነሽ ለሐኪሙ አትፈርም።

የመርሐ ግብር ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው። በግድግዳው ላይ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ አለ። በሰሌዳው ላይ "አሶሳ፣ ማክሰኞ፣ 4:00" የሚለው በቀይ ተሰርዞ ቀስት ወደ ሐሙስ ተስቦለታል። ወይዘሮ የውብዳር ጣታቸውን ቀሰሩ።

"ይኸው! ተጽፏል። ይህንኑ በወረቀት ገልብጥልኝ።"

"እናቴ፣ ሰሌዳ ሌላ፣ ደብዳቤ ሌላ" አለ የመርሐ ግብሩ ሰው። "ሰሌዳ ይጠፋል። ደብዳቤ ይቀመጣል። ስለዚህ ደብዳቤ ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱን የሚጽፈው ጥገና ነው።"

"አንተ ምክንያቱን ሳታውቅ ነው የሰረዝከው?"

"ሰርዝ ተባልኩ፣ ሰረዝኩ።"

"ዝለል ቢሉህ ደግሞ ትዘላለህ?"

"ከየት?" አለ ሰውየው ግራ ተጋብቶ። መርሐ ግብሩ ደብዳቤ አያወጣ፣ መልእክት ክፍሏ ማስረጃ አትጽፍ፣ ተቆጣጣሪው ኮምፒውተሩን አያዝ፣ ኮምፒውተሩ ትኬት አይከፍት፣ ቤዛ መቀመጫ አትሰጥ፣ ወይዘሮ የውብዳር አሶሳ አይደርሱ፣ ውድነሽ ለሐኪሙ አትፈርም።

ጥገናው ከግቢው ጫፍ፣ ከአጥር ውስጥ ነው። ዘበኛው አላስገባም አለ፤ ደግነቱ የጥገናውን ኃላፊ ጠራላቸው። ኃላፊው እጁ እስከ ክንዱ ግራሶ ነበር። ከቀኑ ሰዎች ሁሉ ደኅናው እሱ ነው። ሳያንገራግር ነገራቸው።

"የግራ ጎማው አልቋል። መለዋወጫው ነገ ማታ ይገባል። ምክንያቱ ይኸው ነው።"

"ተባረክ። አንድ መስመር ጻፍልኝ።"

"ወረቀቱን ያሳዩኝ።" አንቀጽ ዘጠኝ ያለበትን ወረቀት ገልበጥ አድርጎ አየው። "የመዝገብ ቤት ቁጥር የለውም።"

"ምን ያደርግልሃል ቁጥሩ? ጎማው እንደሆን አልቋል!"

"እማማ፣ ቁጥር የሌለው ወረቀት ላይ ከጻፍኩ ጎማውን የጨረስኩት እኔ እሆናለሁ። ካቻምና ጓደኛዬ እንዲሁ ለሰው አዝኖ ጻፈ። እስከ ዛሬ መልስ እየጻፈ ነው።" እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ አውሮፕላኑ ተመለሰ። ጥገናው ምክንያት አይጽፍ፣ መርሐ ግብሩ ደብዳቤ አያወጣ፣ መልእክት ክፍሏ ማስረጃ አትጽፍ፣ ተቆጣጣሪው ኮምፒውተሩን አያዝ፣ ኮምፒውተሩ ትኬት አይከፍት፣ ቤዛ መቀመጫ አትሰጥ፣ ወይዘሮ የውብዳር አሶሳ አይደርሱ፣ ውድነሽ ለሐኪሙ አትፈርም።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። ወይዘሮ የውብዳር ሲደርሱ የምሳ ሰዓት ሆኖ ተዘግቷል። ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ስልካቸው ጮኸ።

"እትዬ፣ ተሳፈርሽ?"

"ልሳፈር ነው።"

"ነርሷ ለምርመራ ደም ወስዳለች። አንዲት ሴት ከመተከል ድረስ መጥታ ተራ አጥታለች። እህትሽ ካልመጣች ለኔ ልቀቂልኝ እያለችኝ ነው። ታሳዝናለች። ልስጣት እንዴ?"

"ውድነሽ! እንዳትሰጪ! ሰማሽኝ? እየመጣሁ ነው።"

ስልኩን ዘጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ እህታቸውን ዋሹ። ያዋሻቸውን ሕንጻ ቀና ብለው አዩ፤ አራት ፎቅ ነው፤ መስኮቶቹ ንጹሕ ናቸው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መዝገብ ቤቱ ተከፈተ። ኃላፊዋ የርሳቸው ዕድሜ እኩያ ልትሆን ምንም አልቀራት። ከኋላዋ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ፋይሎች አሉ። ወይዘሮ የውብዳር አገራቸው የገቡ ያህል ተሰማቸው።

"እህቴ፣ እኔም መዝገብ ቤት ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት። ለዚህች ወረቀት ቁጥር ስጪኝ።"

"እንግዲያማ ያውቁታል" አለች ሴትዮዋ ፈገግ ብላ። "ማኅተም ላልተመታበት ወረቀት ቁጥር ሰጥተው ያውቃሉ?"

ሰጥተው አያውቁም። አንድም ቀን። በዚያች ደቂቃ እነዚያ በሠላሳ አንድ ዓመት "ማኅተም አስመትተህ ና" ያሏቸው ሰዎች አንድ በአንድ ፊታቸው መጡ፤ አንዳንዶቹ ከሩቅ አገር በእግር የመጡ ነበሩ። ይህ ግን ቁጣቸውን አላበረደውም። ጭራሽ አጋመው። መዝገብ ቤቷ ቁጥር አትሰጥ፣ ጥገናው ምክንያት አይጽፍ፣ መርሐ ግብሩ ደብዳቤ አያወጣ፣ መልእክት ክፍሏ ማስረጃ አትጽፍ፣ ተቆጣጣሪው ኮምፒውተሩን አያዝ፣ ኮምፒውተሩ ትኬት አይከፍት፣ ቤዛ መቀመጫ አትሰጥ፣ ወይዘሮ የውብዳር አሶሳ አይደርሱ፣ ውድነሽ ለሐኪሙ አትፈርም።

ማኅተሙ ያለው አራተኛ ፎቅ፣ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደባልቄ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጸሐፊያቸው "ቁጭ ይበሉ" አለች። ወይዘሮ የውብዳር አንድ ሰዓት ከሩብ ቁጭ አሉ። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ላይ በሩ ተከፈተ። የአሥር ሰዓቱ በረራ መስኮት የሚዘጋው ዘጠኝ ከሩብ ላይ ነው።

አቶ ደባልቄ ጡረታ የደረሱ፣ ቁመተ ረዥም ሰው ናቸው። ወረቀቱን ቆመው አዩት።

"ይህ እኮ ጥያቄው ከታች ተጽፎ አልመጣም። ከትኬት መስኮቱ 'መንገደኛዋ ጠይቀዋል' የሚል ጽሑፍ ሳይመጣ ማኅተም አልመታም።"

"ከመስኮቱ ነው የመጣሁት። እዚያ ያለችው መቀመጫ አልሰጥም ያለችኝ ልጅ ናት።"

"እንግዲያው እሷው ትጻፍልኛ።"

"እንዴት ብላ ትጽፋለች?" አሉ ወይዘሮ የውብዳር። "እርስዎ ማኅተም አይመቱ፣ መዝገብ ቤቷ ቁጥር አትሰጥ፣ ጥገናው ምክንያት አይጽፍ፣ መርሐ ግብሩ ደብዳቤ አያወጣ፣ መልእክት ክፍሏ ማስረጃ አትጽፍ፣ ተቆጣጣሪው ኮምፒውተሩን አያዝ፣ ኮምፒውተሩ ትኬት አይከፍት፣ ቤዛ መቀመጫ አትሰጥ፣ እኔ አሶሳ አልደርስ፣ እህቴ ለሐኪሙ አትፈርም!"

አቶ ደባልቄ ሰዓታቸውን አዩ። ኮታቸውን አነሡ። "ወይዘሮ፣ እኔ ሌላ ስብሰባ አለብኝ። ነገ ይምጡና እናየዋለን" ብለው ወደ በሩ ተራመዱ።

ነገ። ወይዘሮ የውብዳር ብድግ አሉ።

"በሕግ አምላክ!"

የአቶ ደባልቄ አንድ እግር ደፉን አልፏል፤ ሌላው ቀርቷል። እንደዚያው ቀጥ ብለው ቆሙ።

ዛሬ ዛሬ ይህን ቃል ሰው ለቀልድ ይጠራዋል። ድሮ ግን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው አንዲት እርምጃ ከጨመረ፣ ነገሩ ሳይሰማ ጥፋቱ በሱ ላይ ነበር። አቶ ደባልቄ ያደጉት ባላገር ነው፤ አባታቸው አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ጭንቅላታቸው ስብሰባውን ያስብ ነበር፤ እግራቸው ግን አባታቸውን ሰማ።

ጸሐፊዋ ሳቀች። ወዲያው አፏን ያዘች። ወይዘሮ የውብዳር የነጠላቸውን ጫፍ ከአቶ ደባልቄ ኮት ቁልፍ ጋር ቋጠሩት። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለቴ።

"ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ፊት የሚሄዱት። አንተ ከመስኮቱ ተጽፎ ይምጣ አልክ አይደል? መስኮቱ ድረስ ተቆራኝተን እንሄዳለን።" አንቱታው እዚያው ቀረ።

"ኧረ በፈጠረሽ! ሰው ያየናል!"

"ይየን! ከጠዋት ጀምሮ እኔን ያላየኝ ማን አለ?"

አቶ ደባልቄ ቋጠሮውን መፍታት ይችሉ ነበር። እጃቸውንም አንዴ ወደዚያው ሰድደው መልሰዋል። በአባታቸው ደጅ ያለ ዳኛ ፈቃድ የተፈታ ቋጠሮ አይተው አያውቁም። እናም ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ነጠላ ተቋጥረው አራቱን ፎቅ ወረዱ። የመርሐ ግብሩ ሰው አንገቱን በበር አወጣ። መልእክት ክፍሏ ማዳመጫዋን ነቀለች። መዝገብ ቤቷ ፋይሏን እንደታቀፈች ወጣች፤ ሦስቱም ተከተሏቸው። ግቢውን አቋርጠው አዳራሹ ሲገቡ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ሆኗል።

በረራው የተዛወረባቸው መንገደኞች ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናቸው፤ የሚሄዱበት የላቸውም። የቆዳ ጃኬቱ ነጋዴ "እሰይ እትዬ! አስረው አመጡት!" አለ።

አቶ ደባልቄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቤዛ፣ ለምን አልጻፍሽላቸውም?"

ቤዛ ቋጠሮውን አየች፣ አለቃዋን አየች። "ኮምፒውተሩ ትኬት አልከፍት ብሎኝ ነው ጌታዬ።"

"ለምን አልከፈተም?"

"ተቆጣጣሪው ስላላዘዘው።"

"እሱስ ለምን?"

"መልእክት ክፍል ስላልጻፈችልኝ" አለ ተቆጣጣሪው ከመስታወቱ ጀርባ።

"እሷስ?"

"ደብዳቤ የለማ!" አለ ነጋዴው። ወይዘሮ የውብዳር ቀኑን ሙሉ ሲያልፉ ሲያገድሙ የነገሩትን ሁሉ ይዟል፤ ለሰልፉም አዳርሷል።

"ደብዳቤው ለምን አልወጣም?"

"ጥገናው ምክንያት አይጽፍም!" አለ ሰልፉ።

"ጥገናው ለምን?"

"ቁጥር የለዋ!"

"ቁጥሩስ?" አሉ አቶ ደባልቄ፤ ድምፃቸው አሁን ቀጥኗል።

"ማኅተም የለዋ!"

"ማኅተሙን..." አሉና ቆሙ። አዳራሹ ጠበቃቸው። "ማኅተሙን ያልመታሁት እኔ ነኝ። ቤዛ ስላልጻፈች።"

"ቤዛ ለምን አልጻፈችም?" አሉ ወይዘሮ የውብዳር።

"ኮምፒውተሩ ትኬት አልከፍት..." ብሎ ሰልፉ እንደገና ሊጀምር ሲል፣ አቶ ደባልቄ እጃቸውን አነሡ።

"በቃ! በቃችሁ!"

እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደዱ። ማኅተሙ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነበር። በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ወረቀቱን አስቀምጠው፣ እፍ ብለውበት፣ መቱት።

ሥራ አስኪያጁ ማኅተም ሲመቱ መዝገብ ቤቷ ቁጥር ሰጠች፤ መዝገብ ቤቷ ቁጥር ስትሰጥ ጥገናው በስልክ ምክንያቱን አጻፈ፤ ጥገናው ሲያጽፍ መርሐ ግብሩ ደብዳቤ አወጣ፤ ደብዳቤው ሲወጣ መልእክት ክፍሏ ማስረጃ ጻፈች፤ ማስረጃው ሲጻፍ ተቆጣጣሪው ኮምፒውተሩን አዘዘ፤ ተቆጣጣሪው ሲያዝ ኮምፒውተሩ ትኬት ከፈተ፤ ኮምፒውተሩ ሲከፍት ቤዛ መቀመጫ ሰጠች። ሁሉም ተደማምሮ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ወይዘሮ የውብዳር ቋጠሮውን ራሳቸው ፈቱት።

"ሰዓቱን ልቀድም ስል ተቆጣሁ፤ አይቀየሙኝ" አሉ፤ አንቱታውን መልሰው።

"የኮቴ ቁልፍ ላልቷል" አሉ አቶ ደባልቄ።

ወይዘሮ የውብዳር በአሥር ሰዓት ተነሡ፤ አሶሳ ደረሱ። ረቡዕ ጠዋት ለሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ውድነሽ አንድ እጇን ለእህቷ ሰጥታ በሌላው ለሐኪሙ ፈረመች። ከመተከል የመጣችው ሴት ከሰዓት በኋላ ተራ ተገኘላት። ከውድነሽ አንገት የወጣው እንቅርት ስድስት መቶ ሠላሳ ግራም መዘነ። ቅዳሜ ማታ ውድነሽ ትራሱን ከጀርባዋ አውጥታ ከአራት ዓመት በኋላ በጀርባዋ ተኛች።

ወይዘሮ የውብዳር አዲስ አበባ ሲመለሱ ስድስት ገጽ አቤቱታ ጽፈው ለአየር መንገዱ ዋና መሥሪያ ቤት አስገቡ። የጠየቁት ለራሳቸው አልነበረም፤ የዚያን ቀን አንቀጽ ዘጠኝ ሳይነበብላቸው ሐሙስን ለጠበቁት ሰዎች ነው። ደብዳቤዎችን ሁሉ፣ ሰዓቶችን ሁሉ፣ የእያንዳንዱን ሰው ቃል አስፍረዋል። ጉዳዩ እንዲመረመርና ስሕተት የሠራ እንዲጠየቅ አሳሰቡ።

መልሱ የመጣው ጥር 27 ቀን ነው። አየር መንገዱ የማክሰኞውን መዝገብ በሙሉ መመርመሩን ይገልጻል። በመዝገቡ መሠረት የአሥር ሰዓቱ በረራ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ሞልቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የጠየቁ ዘጠኝ መንገደኞች ቦታ የለም ተብለው ተመልሰዋል። በአሥራ አንደኛው ረድፍ ያለች አንዲት መቀመጫ ብቻ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ አራት ጀምሮ "ቀበቶዋ ተበላሽቷል" ተብላ ተዘግታ ቆይታለች፤ ወይዘሮ የውብዳር ከመስኮቱ ወደ ተቆጣጣሪው ከሄዱ ሦስት ደቂቃ በኋላ መሆኑ ነው። ቀበቶዋ ሲመረመር ምንም ብልሽት አልተገኘበትም። በምርመራው ስሕተት የተገኘባት አንዲት ሠራተኛ ብቻ ናት። የትኬት መስኮት ሠራተኛዋ ቤዛ ይልማ ሐሰተኛ ብልሽት በመመዝገቧ ከጥር 20 ቀን ጀምሮ ከሥራ ተሰናብታለች።